አገርህ ወዴት ነው?

(በልጆች ማሳደጊያ ቤት ስለሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በጎንደር ከተማ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ንግግሬን የምጀምርበት ጥያቄ ከመጽሐፍ የወጣ ሳይሆን ከደጃፋችን የተለቀመ ነው። በጎንደር ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ለምዱን የደረበና አኮፋዳውን በትከሻው ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጅ በቆመ ጊዜ፣ የቤቲቱ እመቤት ቁራሹን ይዛ ብቅ ስትል እጇን ከመዘርጋቷ በፊት «አንተ ልጅ፣ አገርህ ወዴት ነው?» ትለው ነበር፤ ልጁ «ስሜን» ያለ እንደ ሆነም በዚያ ሳትበቃ «ከስሜን ከወዴት በኩል?» ብላ ትከተለውና፣ ደብሩንና አባቱን፣ ከቤቱ የወጣበትንም ዘመን አንድ በአንድ ካወቀች በኋላ፣ ከዚያ አገር የመጣ ነጋዴ ባገኘች ቁጥር «እንዲህ ያለ ልጅ በእኛ ደብር ይማራል፤ ደኅና ነው በሏቸው» እያለች ወሬውን ትልክለት ነበር። እናቴ እንዲህ ስታደርግ እያየሁ አድጌአለሁ። ያን ጊዜ እንዲያው የደጅ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ ቁራሹ ለልጁ ሥጋ እንደ ሆነ ሁሉ ጥያቄውም ለነፍሱ ስንቅ መሆኑን የተረዳሁት ግን፣ ሸምግዬ በአንድ የልጆች ማሳደጊያ ቤት ማገልገል ከጀመርሁ በኋላ ነው።

ርእሰ ነገራችን እንግዲህ ይህ ነው፦ በሚስዮን ወይም በሌላ የምጽዋት ድርጅት ወደ ተቋቋመ የልጆች ቤት ገብቶ፣ ያለ ደመወዝ፣ በበጎ ፈቃድ ማገልገል። በጎ ፈቃድ ያለው ሰው በጎ ሥራ መሥራቱ የማይቀር ይመስለናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ወላጁን ያጣውን ልጅ በግዕዝ «እጓለ ማውታ» ትለዋለች። የዲድስቅልያ መጽሐፍም ስለ እጓለ ማውታ ሲደነግግ፣ ልጅ የሌለው ምእመን እንዲህ ያለውን ልጅ እንደ ወለደው አድርጎ ወደ ቤቱ እንዲያስገባው ይመክራል። መጽሐፉ የሚያዝዘው ልጁን ወደ ቤት ማስገባትን እንጂ ልጆችን ሰብስቦ ቤት መሥራትን አለመሆኑን ልብ በሉልኝ። ባላገሩም ቢሆን በዚህ መንገድ ሲሄድ ኖሯል፤ የክርስትና አባቱ፣ የጡት አባቱ፣ ማደጎው፣ በኦሮሞ ወንድሞቻችንም ዘንድ ጉዲፈቻው፣ ሁሉም ሥጋ ያልወለደውን ልጅ ቃል እንዲወልደው የተሠሩ ሥርዓቶች ናቸው። ብዙ ልጆችን በአንድ ጣራ ሥር በሞግዚት ማሳደግ ግን በአብዛኛው ከሚስዮኖች ጋር ከባሕር ማዶ የመጣልን ሥርዓት ነው። ይህን ስል መንቀፌ አይደለም፤ ረኃብና ጦርነት ዘመድን ከነአዝማዱ በበተኑበት ዘመን ያ ጣራ ለብዙ ሕፃን የሞትና የሕይወት ድንበር ሆኖ ቆሟልና፣ እ.ኤ.አ. በ1973 እማሆይ ቴሬዛ ወደ አዲስ አበባ መጥተው እኅቶቻቸውን ካስገቡ ወዲህም በእኅቶቹ ቤት ስንቱ እንደ ታጠበና እንደ ጎረሰ ያየ ሰው በንቀት ሊናገር አይችልም። እኔ የምመረምረው ከታጠበና ከጎረሰ በኋላ ያለውን ነገር ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆነኝ አንድ ታሪክ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት እንደማታውቁ ስለምገምት ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ።

በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር በሐምዳን አቡ ዓንጃ አዝማችነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ ድል ከነሣ በኋላ ወደዚህች ከተማ ገብቶ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን በእሳት አቃጥሎ፣ ሕዝቡን ገድሎና ማርኮ እንደ ሄደ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ከምርኮኞቹ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ፤ መንገዳቸውም በመተማ በኩል ወደ ምዕራብ ነበረ። በልጅነቴ አረጋውያኑ ስለ ተቃጠሉት አድባራት ሲያወሩ የእያንዳንዱን ደብር ስም በተራ ይጠሩ ነበር፤ ስለ ተወሰዱት ሕፃናት ሲያወሩ ግን አንድም ስም ሲጠሩ አልሰማሁም። ደግሞም እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገርና፣ ያው የመተማ መንገድ ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዘመን ከግቤና ከኦሮሞ አገሮች በባሪያ ንግድ እየተነዱ የመጡ ልጆች በከተማችን መካከል ያለፉበት መንገድ ነው፤ ሻጭም ገዥም በመካከላችን ነበረ፤ እነዚያንም ልጆች አገራችሁ ወዴት ነው ብሎ የጠየቃቸው ሰው ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

ጎንደር በተቃጠለች በስምንተኛው ወር፣ በመስከረም 1881 ዓ.ም.፣ «ኦስፕሬይ» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ወደ ዐረብ አገር ባሪያ ጭነው የሚሻገሩ ሦስት ጀልባዎችን ያዘችና ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ነጻ አወጣች። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ፤ አገራቸውም የኦሮሞ ምድር ነበረ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በኤደን አጠገብ በሼክ ዑትማን ለሚገኘው ለስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን በአደራ ተሰጡ። ነገር ግን የዚያ አገር ሙቀትና ንዳድ ከደጋ ወርደው ለመጡት ልጆች ስላልተስማማቸው ብዙዎቹ ታመሙ፤ ጥቂት ያልሆኑም ሞቱ። ስለዚህ ሚስዮናውያኑ አየሩ ለጤና ወደሚስማማ አገር ሊወስዷቸው ቆርጠው፣ የተረፉትን በመርከብ አሳፍረው፣ በነሐሴ ወር 1882 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ ኬፕ ወደሚገኘው ወደ ሎቭዴል ትምህርት ቤት አደረሷቸው። ከተማችን የምታውቀው፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገራችንን በሚያነድበት በዚያ ጊዜ፣ 64 የአገራችን ልጆች፣ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ ስሙን እንኳ ሰምተውት በማያውቁት ምድር በሚስዮን ቤት ተቀመጡ ማለት ነው።

ሎቭዴል ተራ ትምህርት ቤት አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከስኮትላንድ በመጡ ሚስዮናውያን የተቋቋመ፣ ያን ጊዜም ጄምስ ስቱዋርት የተባሉት ሰው ያስተዳድሩት የነበረ፣ ከፊደል ጋር አናጺነትን፣ የማተሚያ ቤት ሥራንና መጽሐፍ መጠረዝን ለጥቁር ልጆች ያስተምር የነበረ ስመ ጥር ቦታ ነበረ። ልጆቹ በዚያ ተማሩ፤ እጅ ሥራም ለመዱ፤ ከእነርሱ መካከል መምህራን የሆኑ አሉ። አስተማሪዎቻቸው ልጆቹን ይወዷቸው እንደ ነበረ አልጠራጠርም፤ ያን ያህል ባሕር ተሻግሮ ከሕመምተኛ ሕፃን ጋር መሰንበት ያለ ፍቅር የሚቻል ነገር አይደለምና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን፣ ልጆቹ ከኤደን ከመነሣታቸው በፊት ሚስዮናውያኑ የፈጸሙት አንድ ሥራ ነው። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስቀምጠው፣ በአስተርጓሚ አማካይነት፣ የአባቱን ስምና የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን አገር፣ ስንት ወንድምና እኅት እንዳለው፣ የቤተሰቡ መሬትና ከብት ምን ያህል እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ያዘው፣ በማን እጅ ተሽጦ በየት በኩል ወደ ባሕር እንደ ወረደ ጠየቁት፤ የተናገረውንም ጻፉ። የ64ቱም ቃል ተጽፎ ዛሬ ድረስ ይገኛል፤ ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ የልጆቹን ታሪክ አንድ በአንድ የገለጡልን ያ ጽሑፍ ስለ ቆየ ነው። ከልጆቹም ቃል እንደምንረዳው፣ በተያዙ ጊዜ እናት ወይም አባት በሕይወት የነበራቸው ጥቂቶች አልነበሩም። ወላጅ የሌላቸው ተብለው ያደጉ ልጆች፣ በሌላ አገር ወላጅ ተቀምጦ ያለቅስላቸው ነበር።

ከሴቶቹ አንዲቱ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። በሎቭዴል ተምራ፣ በዚያው አገር አግብታ፣ ወልዳ ኖረች። የልጅዋ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር በልጅነቱ አያቱ አንዳንድ ጊዜ ማንም በማይሰማው ቋንቋ ለብቻዋ ስትናገር ይሰማት ነበር፤ ልጆቹም ነገሩ አስፈርቷቸው እናታቸውን በጠየቋት ጊዜ፣ አያታቸው ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገረች መሆኗን ትነግራቸው ነበር። ያ ቋንቋ ኦሮምኛ ነበረ። በደቡብ አፍሪካ ምድር በዙሪያዋ ሆኖ የሚመልስላት ሰው ስለሌላት፣ የእናቷን ቋንቋ ከፈጣሪ በቀር የምትነግርበት ጆሮ አጥታ ኖረች። ይህ ኔቪል በኋላ የዘር መድልዎን በመቃወሙ ተፈርዶበት ኔልሰን ማንዴላ በታሰሩበት በሮቢን ደሴት ዐሥር ዓመት ታሰረ፤ ከእስር ከወጣ በኋላም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2012፣ የደከመለት ታላቅ ሥራ የአፍሪካ ልጅ በእናቱ ቋንቋ እንዲማር ማድረግ ነበር። ይህን ባነበብሁ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ ቀረሁ።

ልጆቹ ካደጉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ ወደ አገራቸው መመለስ ይወዱ እንደ ሆነ ተጠየቁ። ከመካከላቸው ጥቂት ያልሆኑት ሞተው ነበር፤ ሌሎቹም ሥራና ትዳር ይዘው ነበር፤ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1909 ዐሥራ ሰባት የሚሆኑት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ የተመለሰ ሰው የአባቱን ደጃፍ የሚያገኘው የአባቱን ስም ያልረሳ እንደ ሆነ ነው።

ከዚህ ጋር የምንኩሉን ነገር በአጭሩ ላንሣ። በምጽዋ አጠገብ፣ በምንኩሉ፣ በስዊድን ሚስዮን ቤት ያደጉት፣ በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው የነበሩት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ በዚያ ቤት ቋንቋቸው ሥራ ሆኖ ስለ ተሰጣቸው፣ እርሱ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ፤ እርሷም በሥራው እየረዳች የሕዝቡን ተረትና ዘፈን ሰበሰበች። ሁለቱም ቤቶች የሚስዮን ቤቶች ናቸው፤ እንጀራውም ፍቅሩም በሁለቱም ነበረ። ልዩነቱ ልጁ ይዞት የመጣው ነገር በአንደኛው ቤት እንደ ሀብት መቆጠሩ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ የምናገረውም ጥፋቴን ነው።

ከአስተማሪነት ሥራ ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ስሙን ወደማልጠራው አንድ የልጆች ቤት ሄጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ላስተምር ተስማማሁ። ከልጆቹ መካከል ስምንት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ነበረ፤ በመዝገብ «አገሩ ያልታወቀ፣ ዘመድ የሌለው» ተብሎ ተጽፏል። ስሙም ቢሆን ያመጡት ሰዎች ያወጡለት ስም ነበረ። ይህን ልጅ ሰባት ወር አስተማርሁት። ፊደሉን ቆጠረ፤ መልእክተ ዮሐንስንም ጀመረ፤ እኔም በሥራዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። በሰባት ወር ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ እናቴ በደጅ የቆመውን ሁሉ ትጠይቀው የነበረውን ጥያቄ አልጠየቅሁትም። መዝገቡ መልሶልኛል ብዬ ተቀመጥሁ።

አንድ ቀን የልብስ አጣቢዋ ታማ ስለ ቀረች ትምህርቱን ትተን ከልጆቹ ጋር ልብስ እናጥብ ጀመር። የሳሙናው አረፋ በድንጋዩና በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ በተኛ ጊዜ ያ ልጅ አየት አደረገና፣ «እንደኛ አገር ውርጭ» አለ። እጄ ላይ የነበረው ልብስ ወደቀ። ውርጭ በሣር ላይ እንዲህ የሚተኛበት አገር ከዚህ ቅርብ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ ወገራን፣ ዳባትን፣ ደባርቅን ይዞ ወደ ጃናሞራ የሚወጣው ደጋ ነው። «ውርጭ ሲወርድ ምን ታደርጉ ነበር?» አልሁት። ጥጆቹን ወደ ቤት እንደሚያስገቡ ነገረኝ። ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ታቦቱ ማን እንደሚባል፣ ወደ ገበያ ሲሄዱ ወንዝ ይሻገሩ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ ሁሉንም ያውቅ ነበር። «አያትህ ምን ብላ ትጠራህ ነበር?» ባልሁት ጊዜ በመዝገብ የሌለውን ስሙን ነገረኝ።

የገበያውን ቀንና የታቦቱን ስም ይዤ በከተማው ከሚኖሩ የወገራና የዳባት ሰዎች ዘንድ ለሦስት ሳምንት ያህል ተመላለስሁ፤ ያን ሁሉ ምልክት አጋጥመው ቦታውን የነገሩኝ አንድ የእህል ነጋዴ ናቸው። ልጁን ይዘን በደባርቅ መንገድ በአውቶቡስ፣ ከዚያም ግማሽ ቀን በእግር ሄደን አያቱን አገኘናቸው። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ አጎቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርድ ልጁን ወደ ከተማ ዘመድ ሊያደርሰው ይዞት መጥቶ፣ በጎንደር መናኸሪያ በሕዝብ ግርግር ተጠፋፉ፤ አጎቱም ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ። አሮጊቷ የሁለቱንም ተዝካር አውጥተው ነበር።

ታሪኩን በዚህ ብተወው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ያልሆነውን ሆነ ማለት አይገባኝም። አያቱ ልጁን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ምን አበላዋለሁ?» የሚል ነበር። አንዲት በግና የሚያርሱላቸው ሰው ያጣ ጥማድ መሬት ብቻ ነበራቸው። የልጆቹ ቤት ለልጁ ያወጣ የነበረውን ወጪ ወደ አያቱ ቤት እንዲልክ ለማሳመን ብዙ ወራት ፈጀብን፤ ልጁም ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቱን ለመቀጠል ተመልሶ ወደ ከተማ መጣ። አሁን ግን የሚኖረው ከዘመድ ቤት ነው፤ ለበዓል አያቱ ዘንድ ይወጣል፤ የሚጠራውም በገዛ ስሙ ነው። እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝ የሰባቱ ወር ነገር ነው፤ የልብስ አጣቢዋ በዚያ ቀን ባትታመም ኖሮ መልእክተ ዮሐንስን ጨርሶ ወደ ዳዊት ይገባ ነበር፤ አያቱም ልጅ አይኖራቸውም ነበር።

ስለዚህ ወደ እንዲህ ያለ ቤት ልትሄዱ ለምታስቡ ሁሉ የተማርሁትን ልናገር። በየዓመቱ ለጥምቀት በፋሲል መዋኛ የሚሰበሰበው እንግዳ ብዙ ነው፤ ከእርሱም አንዳንዱ፣ የውጭም ሆነ የገዛ አገራችን ሰው፣ በዚያው ሰሞን «ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ልጎብኝ» ብሎ ከረሜላ ይዞ ይመጣል፤ ያቅፋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በሦስተኛው ቀን ይሄዳል። ልቡ በጎ መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ጠፍቶ የተገኘ ልጅ በየጊዜው የሚያቅፈው ሰው በየጊዜው ሲጠፋበት፣ ሰውን መውደድ ማለት ሰው እስኪሄድ ድረስ መጠበቅ ነው ብሎ ይማራል። በዚያ ቤት አንዲት ትንሽ ልጅ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «መቼ ነው የምትሄዱት?»

እኛ ኢትዮጵያውያን የመቆየትን ሥርዓት አናውቅም ማለት አይቻልም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደንግጎ ነበር፤ በግዴታ እንጂ በበጎ ፈቃድ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ እኔን ሂሳብ ያስተማረኝ ሰው በዚያ ሥርዓት የመጣ ወጣት ነበረ፤ ዓመቱን ሙሉ በመቆየቱ ምክንያት የክፍላችንን ልጆች ሁሉ አባት በስም ያውቅ ነበር። ዓመት የሚቆይ ሰው ይህን ያህል ያደርጋል።

ሌላም ነገር አለ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን ልጆች በጉዲፈቻ ስም ወደ ባሕር ማዶ መሄዳቸውን፣ ከእነርሱም መካከል ወላጃቸው በሕይወት ያለ ልጆች መገኘታቸውን፣ በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ይህን በሕግ መከልከሉን ታስታውሳላችሁ። ሕጉ በሩን ዘግቷል፤ ነገር ግን በበሩ ውስጥ ያለው ልጅ ዘመዱ ካልተፈለገለት ተዘግቶበት መቅረቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በደረሰብን ጦርነት ከቤታቸው ተፈናቅለው በዳባትና በደባርቅ የሰነበቱትን ልጆች ስናስብ፣ ፍለጋው ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

አሁን እኔና ጥቂት ጡረተኞች በዚያ ቤት አስተዳዳሪዎች ፈቃድ አንድ ወፍራም ደብተር ከፍተናል። ለእያንዳንዱ ልጅ አራት ገጽ ትተንለታል። የምንጽፈው በአንድ ቀን ተጠይቆ የተገኘውን አይደለም፤ ልጅ በጥያቄ ሲያዝ ይዘጋል፤ ልብስ ሲያጥብ፣ ባቄላ ሲፈለፍል፣ በግ ሲያይ ይናገራል። ስለዚህ ከልጆቹ ጋር እናጥባለን፣ እንፈለፍላለን፤ የሰማነውንም በዚያው ዕለት ማታ እንጽፋለን፦ የታቦቱን ስም፣ የገበያውን ቀን፣ የከብቶቹን ስም፣ በቤቱ የሚነገረውን ቋንቋ፣ እናቱ እርሱን የምትጠራበትን ስም። ቅማንትኛም ሆነ አገውኛ፣ ትግርኛም ሆነ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው በጣም ያስፈልገናል፤ በዚያ ቤት ሲያንቀላፉ ብቻ በአፍ መፍቻቸው የሚናገሩ ሁለት ልጆች አሉና።

ከእናንተ መካከል ሊመጣ የሚወድ ቢኖር የምንለምነው አንድ ዓመት እንዲቆይ ነው፤ ቅዳሜ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ዓመት መስጠት የማይቻለው ሰው በልጆቹ ፊት ሳይሆን በጓሮ በኩል ይምጣ፤ የሚፈለጥ እንጨት አለ፤ የወጥ ቤቱም ጣራ ክረምት ሳይገባ መጠገን አለበት። ስማችሁን ከአዳራሹ በር አጠገብ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ጻፉልን፤ አገራችሁንም ጨምሩበት።